ፎቶው ለምን ከቦታው ይሸሻል?

ማይክሮሶፍት ወርድ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ መጻፍ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ፎቶ ሲገባ ነው። አንድ ምስል ታስገባላችሁ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይወርዳል። ንዑስ ርዕሱ ብቻውን የገጹ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ሠንጠረዡ ለሁለት ገጽ ይከፈላል። ምስሉን በማውስ ይዛችሁ ትንሽ ወደ ቀኝ ለማስጠጋት ስትሞክሩ ዘሎ ሌላ ቦታ ቁጭ ይላል።

ብዙ ሰው ይህን የፕሮግራሙ ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል። «ወርድ እኮ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ምስሉን እየገፋ፣ ስፔስ እየጨመረ፣ ኢንተር እየመታ ይታገላል። ለጊዜው ይስተካከልለታል። በማግስቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨምር ግን ሁሉም እንደገና ይፈርሳል።

ገጽ ማቀናበርን ቁጭ ብዬ ከተማርኩ ወዲህ የማምነው ሌላ ነው። ፎቶው በዘፈቀደ አይሸሽም። ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ጋር ታስሯል። ያ ነገር ሲንቀሳቀስ ፎቶውም ይከተለዋል። የታሰረበትን ካወቃችሁ፣ ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳይሄድ መናገር ትችላላችሁ። ትምህርቱ ሲሰጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ይህን ተጫን፣ ያንን ተጫን» ነው። ማሰሪያው ሳይነገር ይታለፋል። እኔ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ይመስለኛል።

ከገጹ ልጀምር። ስክሪኑ ላይ ነጭ ወረቀት እናያለን። ጠርዝ አለው፣ ቁጥር አለው። ፋይሉ ውስጥ ግን ያ ወረቀት የለም። ያለው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ የሚሄድ አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ አንቀጽ አንቀጽን እየተከተለ። ገጽ የምንለውን ወርድ ራሱ እያሰላ ነው የሚያሳየን። የወረቀቱን መጠን ያያል፣ ኅዳጉን (በጠርዙ የሚተወውን ባዶ ቦታ) ይቀንሳል፣ የፎንቱን (የፊደሉን ዓይነት) ቁመትና የመስመሩን ርቀት ይለካል፣ ሲሞላ ይቆርጣል። አንድ ቃል ስትጨምሩ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።

ያው ፋይል እናንተ ጋ 12 ገጽ ሆኖ ሌላ ሰው ጋ ሲከፈት 13 የሚሆነው ለዚህ ነው። የተጠቀማችሁበት ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ወርድ በሌላ ይተካዋል። የፊደሉ ስፋት ይለወጣል። መስመሩ ሌላ ቦታ ይታጠፋል። ገጹ ሌላ ቦታ ይቆረጣል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ወርድ የሚያስቀምጠው ፋይል በመጨረሻው ዶክኤክስ የሚል ቅጥያ አለው። ይህ ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው፤ ብዙ ፋይሎች ተጨምቀው የታሸጉበት አንድ ጥቅል ማለት ነው። ኮፒውን ወስዳችሁ ቅጥያውን ወደ ዚፕ ቀይሩና ክፈቱት። «ወርድ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። ጽሑፉ አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ፎቶዎቹ ደግሞ «ሚዲያ» በሚል ፎልደር ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው «እዚህ ጋ ያ ፎቶ ይግባ» የሚል መጠቆሚያ ብቻ ነው። መጠቆሚያው ደግሞ የሚገኘው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ሳይ ብዙ ነገር በራልኝ። ፎቶው የወረቀት ላይ ነገር አይደለም። የአንቀጽ አካል ነው።

እንግዲህ ለምንድን ነው ሁላችንም እንደ ወረቀት የምናየው? የታሪክ ምክንያት ያለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ ብራቮ የሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም ሠሩ። አልቶ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር የሚሠራው። ስክሪኑ ላይ ደማቁ ደማቅ፣ ሰያፉ ሰያፍ ሆኖ ይታይ ነበር። የሚታተመውን አስቀድሞ ስክሪን ላይ ማየት በዚያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ሲሞኒ በ1981 ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ። የወርድ የመጀመሪያ እትም በ1983 ወጣ። ስክሪኑ ወረቀቱን ይመስላል የሚለው ቃል ኪዳን እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ቃል ኪዳኑ እውነት ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ መልኩ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው የሚፈስ ጽሑፍ መሆኑን አይናገርም። በእጃችን ወረቀት ላይ ፎቶ ስንለጥፍ በለጠፍንበት ይቀራል። እዚህ ግን ወረቀቱ ራሱ በየደቂቃው እንደ አዲስ ይሠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ፎቶን አይመለከትም። የተደበቁትን ምልክቶች አሳዩ። «ሆም» የሚለው ላይ ያለችውን የአንቀጽ ምልክት ተጫኑ፣ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 አንድ ላይ። ስክሪኑ በነጥብና በምልክት ይሞላል። መጀመሪያ ላይ ዓይን ያደክማል፤ ቶሎ ይለመዳል። እያንዳንዱ ኢንተር ይታያል፣ እያንዳንዱ ስፔስ ይታያል። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ፋይል ስትከፍቱ ደግሞ የሰነዱ ታሪክ ሁሉ ፊታችሁ ይወጣል። አዲስ ምዕራፍ ከአዲስ ገጽ እንዲጀምር ተብሎ የተደረደሩ ባዶ ኢንተሮች፣ ስም መሐል ላይ እንዲውል የተመቱ ስፔሶች። እነዚህ ሁሉ ለዛሬው ገጽ ብቻ የተለኩ ናቸው። ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር ምዕራፉ ከገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

በእነሱ ፈንታ ኮንትሮልና ኢንተር አንድ ላይ ተጭኖ ፔጅ ብሬክ፣ ማለትም ገጹን እዚያው የሚቆርጥ ምልክት፣ ማስገባት ነው። ከዚያም የተሻለ አለ። የምዕራፍ ርዕሱ የሚጠቀምበት ስታይል (ስም የተሰጠው የአንቀጽ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ «ፔጅ ብሬክ ቢፎር» የሚለውን መምረጥ። ያኔ ርዕሱ ራሱ አዲስ ገጽ ይዞ ይመጣል። ምዕራፎችን ብታዟዙሩም አይበላሽም።

መግቢያዬ ላይ ብቻውን የገጹ መጨረሻ ላይ የቀረ ንዑስ ርዕስ ጠቅሻለሁ። የእሱም መፍትሔ ማሰሪያ ነው። የአንቀጽ ማስተካከያው ውስጥ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚል አለ። ትርጉሙ ይህ አንቀጽ ከሚቀጥለው አይለይ ማለት ነው። ለርዕስ የተዘጋጁት የወርድ ሄዲንግ ስታይሎች ይህ ከመጀመሪያውኑ ተመርጦላቸው ነው የሚመጡት። ርዕሱን ደማቅ አድርጎ ፎንቱን ማሳደግ ብቻ ግን ለዓይን ርዕስ ያስመስለዋል እንጂ ለፕሮግራሙ ተራ አንቀጽ ነው። ተራ አንቀጽ ደግሞ የትም ይቀራል። ሄዲንግ ስታይል መጠቀም ለማውጫ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ስለ ወረቀት መጠን ብዙ አልልም። ኤ4 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመን ውስጥ በወጣ መለኪያ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ አብዛኛው ዓለም ይጠቀምበታል። ሌተር የሚባለው የአሜሪካ መጠን ደግሞ 216 በ279 ያህል ነው፤ ሰፋ ብሎ አጠር ያለ። በርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ወርድ የሚከፍተው በሌተር ነው። ሰነዱን በሌተር አቀናብራችሁ ኤ4 ላይ ስታትሙት ወይ ሁሉም ይንሸራተታል፣ ወይ ጠርዙ አይገጥምም። መጻፍ ሳትጀምሩ መጠኑን ምረጡ። ሌላ የለውም።

ሴክሽን፣ ማለትም የራሱ የገጽ ቅንብር ያለው የሰነዱ ክፍል፣ ግን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ፎቶ ከአንቀጽ ጋር እንደሚታሰር ሁሉ ገጽም የሚታሰርበት አለው። የወረቀት መጠን፣ ኅዳግ፣ ቋሚ ወይም አግድም መሆን፣ የዓምድ ብዛት፣ ራስጌና ግርጌ፣ የገጽ ቁጥር አጀማመር፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ነጠላ ገጽ ንብረት አይደሉም። የሴክሽን ንብረት ናቸው። ሰነዱ አንድ ሴክሽን ብቻ ካለው አንዱን ገጽ አግድም ማድረግ አይቻልም፤ ስትሞክሩ ሁሉም ይጋደማል። ሰፊ ሠንጠረዥ ያለበትን ገጽ ብቻ ለማጋደም ሠንጠረዡን መርጣችሁ ወደ «ሌይአውት»፣ ከዚያ ወደ «ማርጂንስ»፣ ከዚያ ወደ «ከስተም ማርጂንስ» ግቡ። «ላንድስኬፕ»ን መርጣችሁ ከታች «አፕላይ ቱ» በሚለው ላይ «ሴሌክትድ ቴክስት» በሉት። ወርድ ከፊትና ከኋላ ሴክሽን ብሬክ፣ ማለትም ሴክሽንን ከሴክሽን የሚለይ ምልክት፣ ያስገባላችኋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአንድ ሴክሽን ቅንብር የሚቀመጠው በመጀመሪያው ላይ አይደለም። በመጨረሻው ላይ ባለው ሴክሽን ብሬክ ውስጥ ነው። ብሬኩን ስታጠፉት ከእሱ በላይ ያለው ጽሑፍ ቅንብሩን ያጣና ከታች ያለውን ሴክሽን መልክ ይይዛል። ቋሚ የነበሩ ገጾች በአንዴ የሚጋደሙት ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ያበደ ይመስላል። ምንም አላበደም። ቅንብሩ የተቀመጠበት ቦታ ስለጠፋ ነው። ምልክቶቹን አሳይታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ብሬኩ በድርብ መስመር ይታያችኋል፤ ሳታስቡት አታጠፉትም።

ራስጌና ግርጌ ላይም እንዲሁ ነው። አዲስ ሴክሽን ሲፈጠር ራስጌው ካለፈው ሴክሽን ጋር እንደተያያዘ ይቆያል። «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ» የሚለው ነው የሚያያይዘው። የሁለተኛው ምዕራፍ ራስጌ ላይ የጻፋችሁት የመጀመሪያውንም ከቀየረው ማሰሪያው አልተፈታም ማለት ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ፍቱት። ለራስጌውና ለግርጌው ለየብቻ መፈታት እንዳለበትም አትርሱ።

አሁን ወደ ፎቶው።

ፎቶ ስታስገቡ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ «ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት» አድርጎ ያስገባዋል። በዚህ ጊዜ ፎቶው ለወርድ አንድ ትልቅ ፊደል ነው። መስመር ውስጥ ይቀመጣል። ከፊቱ ስፔስ ብትመቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንቀጹን መሐል ብታደርጉ መሐል ይሆናል። ከላይ ጽሑፍ ሲጨመር እንደ ማንኛውም ፊደል ይወርዳል። የሚያስደንቅ ነገር የለውም። እኔ ለሪፖርት፣ ለመመሪያ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ ውጭ ሌላ አልመክርም። ብዙ ሰው «ፎቶው አልንቀሳቀስ አለኝ» ብሎ የሚጠላው አቀማመጥ ይህ ነው። እንደ ፈለገ አለመንቀሳቀሱ ግን ለረጅም ሰነድ በረከት ነው።

ፊደል መሆኑ አንድ የታወቀ ችግርም ያመጣል። ፎቶው ይገባና ቀጭን ቁራጭ ብቻ ይታያል። ሌላው የት እንደገባ አይታወቅም። ፎቶው አልተበላሸም። የአንቀጹ የመስመር ርቀት «ኤግዛክትሊ» ተብሎ በቁርጥ ቁጥር ተሰጥቷል ማለት ነው። መስመሩ 14 ነጥብ (ነጥብ የፊደል ቁመት መለኪያ ነው) ብቻ ይሁን ከተባለ ፊደሉም ፎቶውም በ14 ነጥብ ውስጥ ነው የሚታዩት። ወደ «ሲንግል» ስትቀይሩት ሙሉው ፎቶ ብቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ፎቶውን ደጋግሞ እያጠፋ ያስገባል።

ሌሎቹ አቀማመጦች «ራፕ ቴክስት» ውስጥ ናቸው። «ስኩዌር» ጽሑፉን በአራት ማዕዘን ዙሪያ ያስኬዳል። «ታይት» የምስሉን ቅርጽ ተከትሎ ያስጠጋል። «ቶፕ ኤንድ ቦተም» ከላይና ከታች ብቻ ጽሑፍ ይፈቅዳል። «ቢሃይንድ ቴክስት» ከጽሑፉ ጀርባ፣ «ኢን ፍሮንት ኦፍ ቴክስት» ከፊቱ ያደርገዋል። ከእነዚህ አንዱን ስትመርጡ ፎቶው ፊደል መሆኑ ያበቃል። ተንሳፋፊ ይሆናል።

ተንሳፋፊ ማለት ግን ነፃ ማለት አይደለም። ፎቶውን ስትነኩት ከአንዱ አንቀጽ አጠገብ ትንሽ የመልሕቅ ምልክት ትታያለች። ፎቶው የታሰረው እዚያ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ፎቶው መልሕቁ ካለበት አንቀጽ ጋር ሁልጊዜ አንድ ገጽ ላይ መሆን አለበት። አንቀጹ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ከተገፋ ፎቶውም ይሄዳል። አንቀጹ ከጠፋ ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። ፎቶውን ወደ ሌላ ገጽ ከጎተታችሁት ደግሞ መልሕቁ እዚያ ገጽ ላይ ወዳለ አንቀጽ ይዛወራል። «ፎቶዬ ጠፋ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ፎቶው ከመጥፋቱ በፊት የትኛውን አንቀጽ አጠፋህ?

«ፊክስ ፖዚሽን ኦን ፔጅ» የሚለው ምርጫ ብዙ ሰው ያሳስታል። ስሙን ያነበበ ሰው ፎቶው እዚህ ገጽ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል ብሎ ይጠብቃል። አይደለም። ገጹ ላይ ያለውን ቦታ፣ ለምሳሌ ከላይ 5 ሴንቲሜትር፣ ይይዛል እንጂ መልሕቁ ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ ፎቶውም ይከተላል፤ እዚያም ከላይ 5 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጣል። «ሙቭ ዊዝ ቴክስት» ካላችሁት ደግሞ አንቀጹ ገጹ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። «ሎክ አንከር» መልሕቁ በጉተታ እንዳይዛወር ይቆልፈዋል። ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ተንሳፋፊ ፎቶ አያስፈራውም።

ሊብረ ኦፊስ ራይተር የሚባለው ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም ይህን ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል ብዬ አስባለሁ። ፎቶውን ስትነኩ ከምን ጋር ይታሰር ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። ከገጽ፣ ከአንቀጽ፣ ከፊደል፣ ወይስ ራሱ እንደ ፊደል ይሁን? ከገጽ ጋር ማሰር እዚያ በእርግጥ ይቻላል። ወርድን ብቻ የሚጠቀም ሰው እንኳ ያንን ምርጫ አንድ ጊዜ ቢያየው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጉግል ዶክስም የራሱ «ኢን ላይን» እና «ራፕ ቴክስት» አለው። ስሙና ቦታው ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ስለ «ስኩዌር» ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የአማርኛ ቃል ይረዝማል። «ስለማይመለከታቸውም» አንድ ቃል ነው። ፎቶ ከጎን አስቀምጣችሁ ጽሑፉን በቀረው ጠባብ ቦታ ስታስኬዱትና ግራ ቀኙን እኩል ስታደርጉት፣ አንድ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይገባና መሐሉ ባዶ ይሆናል። ጽሑፉ የተቦዳደሰ ይመስላል። እንዲህ ባለ ቦታ አንቀጹን ወደ ግራ ብቻ አስጠጉት፤ ቀኙ ይዘበራረቅ። ለንባብ ያ ይሻላል። ፎቶውን ሰፋ አድርጎ ለብቻው መስመር መስጠት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ፎንትም እንዲሁ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው፤ ኢብሪማ ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የእኛን ፊደል ይዟል። ሁለቱ የተለያየ ስፋትና ቁመት አላቸው። በአንዱ ያቀናበራችሁት በሌላው ሲከፈት ፎቶዎቹም ይንሸራተታሉ። ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የማስቀመጥ ምርጫ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ሥር አለ። ጽሑፉ ካለቀና ማንም የማያርመው ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ መላክ ነው። ፒዲኤፍ ገጹን እንደተሰላ ያስቀምጠዋል።

ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ለማድረግ ብዙ ሰው ሁለቱንም ተንሳፋፊ ያደርጋል። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል። ሁለት ዓምድና ሁለት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ። ከላይ ፎቶዎቹን፣ ከታች መግለጫቸውን አስገቡ። መስመሮቹን አጥፉ። የሠንጠረዡ ማስተካከያ ውስጥ በይዘቱ ልክ ራሱን እንዲያሰፋ የሚፈቅደውን ምርጫም አጥፉት፤ አለበለዚያ ትልቅ ፎቶ ሲገባ ዓምዱን ይገፋዋል። የሚያነበው ሰው ሠንጠረዥ መኖሩን አያይም። ፎቶዎቹ ግን አይለያዩም።

የፎቶ መግለጫ በእጅ «ሥዕል 1» ተብሎ መጻፍ የለበትም። በ«ኢንሰርት ካፕሽን» ሲገባ ቁጥሩን ወርድ ራሱ ይቆጥራል። መሐል ላይ አዲስ ፎቶ ሲገባ ተከታዮቹ ይስተካከላሉ። ጽሑፉ ውስጥ «ሥዕል 4ን ይመልከቱ» የሚለውንም በ«ክሮስ ሪፈረንስ» ካስገባችሁት አብሮ ይቆጠራል። ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ ከዚያ ኤፍ9። ሁሉም ይታደሳል። እዚህም «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» ያስፈልጋል። ፎቶው መስመር ውስጥ ከሆነ ፎቶው ያለበትን አንቀጽ ከመግለጫው ጋር እሰሩት። ያኔ ፎቶው አንድ ገጽ ላይ፣ መግለጫው ሌላ ገጽ ላይ አይሆንም።

ስለ መጠን። ፎቶ ስታሳንሱ ማዕዘኑን ያዙ። ጎኑን ከያዛችሁ ሰው ይቀጥናል ወይም ይድቦለቦላል። ከዚያ በላይ ሰው የሚዘነጋው ግን የፒክስል ጉዳይ ነው፤ ፒክስል ምስሉ የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ 2.54 ሴንቲሜትር ኅዳግ ሲተው 16 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይቀራል። ይህን ስፋት የሚሞላ ፎቶ በኢንች 300 ፒክስል ጥርት ብሎ እንዲታተም 1,880 ፒክስል ገደማ ስፋት ይበቃዋል። ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የሚሰጠው 4,000 ፒክስል ነው። ከሚፈለገው እጥፍ በላይ። ፋይሉ ከብዶ በኢሜይል አልሄድ የሚለው በዚህ ትርፍ ነው። በተቃራኒው 400 ፒክስል ብቻ ያለው ምስል በዚያ ስፋት ሲዘረጋ በኢንች 64 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። ደብዝዞ ይታተማል። ፎቶን በማስተካከያ መሳሪያ ማሳመር ይቻላል፤ ያልነበረ ፒክስል መፍጠር ግን አይቻልም። «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» የሚለው ለሕትመት በኢንች 220፣ ለድረ ገጽ 150፣ ለኢሜይል 96 ፒክስል ይሰጣችኋል። ለሚታተም ሰነድ ከ220 በታች አትውረዱ።

ክሮፕ፣ ማለትም የፎቶን ጠርዝ መቁረጥ፣ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ወርድ ውስጥ ፎቶ ክሮፕ ስታደርጉ የቆረጣችሁት ክፍል አይጠፋም። ይደበቃል። ፋይሉ የደረሰው ሰው ፎቶውን ነክቶ ክሮፑን መልሶ መክፈት ይችላል። የመታወቂያ ፎቶ ላይ ቁጥሩን ቆርጣችሁ ከላካችሁ ቁጥሩ አሁንም ፋይሉ ውስጥ አለ። ከጎን የቆመ ልጅ እንዳይታይ ቆርጣችሁ ከሆነ ልጁ አሁንም አለ። ይህ የማስዋብ ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ደህንነት ጉዳይ ነው። «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ውስጥ የተቆረጡ ክፍሎችን አጥፋ የሚለውን መርጣችሁ አስቀምጡ። ወይም ፎቶውን ወርድ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት በሌላ ፕሮግራም ቁረጡት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

መማር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ዘዴ አንድ ነው። ለሥራ በምትፈልጉት ሰነድ ላይ አትለማመዱ። ባዶ ሰነድ ክፈቱና የእኩል ምልክት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ራንድ የሚለውን ቃል፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ 5፣ ኮማና 4 ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። ወርድ አምስት አንቀጽ የመለማመጃ ጽሑፍ ያወጣላችኋል። ምልክቶቹን አሳዩ። አንድ ፎቶ አስገቡ። አሁን ከመንካታችሁ በፊት ገምቱ። ከላይ ኢንተር ብመታ ፎቶው ይወርዳል? ሁለተኛውን አንቀጽ ባጠፋ ምን ይሆናል? ወደ «ስኩዌር» ብቀይረውስ? ገምታችሁ ከዚያ ሞክሩ። ግምታችሁ ካልሆነ ኮንትሮልና ዜድ ተጭናችሁ መልሱና መልሕቁን ፈልጉት። የት እንዳለ ስታዩ ምክንያቱም ይታያችኋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ፎቶውን ማየት የማይችል አንባቢን ይመለከታል። ዓይነ ስውር አንባቢ ሰነዱን የሚሰማው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ይሄዳል። መስመር ውስጥ ያለ ፎቶ ጋ ሲደርስ በተራው ያገኘዋል። ተንሳፋፊ ፎቶ ጋ ግን ተራው ሊዛባ፣ ፎቶውም ሊታለፍ ይችላል። «ሪቪው» ውስጥ ያለው «ቼክ አክሰሲቢሊቲ» መስመር ውስጥ ያልሆነ ምስል ሲያገኝ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ፎቶው በተራው ቢገኝ እንኳ የሚነበብ ቃል ከሌለው ለሰሚው ባዶ ነው። ፎቶውን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «አልት ቴክስት» የሚለውን ክፈቱ። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ፎቶ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ፎቶ መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራል። መግለጫው ላይ ያለውንም አትድገሙ። ፎቶውን የከተታችሁት ምን ሊያሳይላችሁ ነበር? ግራፍ ከሆነ መስመሩ ወጣ ወይስ ወረደ፣ ከስንት ወደ ስንት? የመሣሪያ ፎቶ ከሆነ ቁልፉ ያለው በየት በኩል ነው? እሱን ጻፉ።